የባሱን ተጫዋች ቀን የሚጀምረው ከሸምበቆው ነው

ሙሉ ኦርኬስትራ ሲጫወት አይታችሁ ከሆነ፣ ከቫዮሊኖቹ ኋላ መሀል አካባቢ ረጅም ቀላ ያለ እንጨት በሰያፍ አቅፎ የተቀመጠ ሰው አለ። የእንጨቱ አናት ከራሱ በላይ ብቅ ይላል፣ ታችኛው ጫፍ በቀኝ ጭኑ በኩል ይወርዳል፣ ከጎኑ ደግሞ የተቆለመመ ቀጭን የብረት ቱቦ ወጥቶ አፉ ላይ ይደርሳል። መሳሪያው ባሱን ይባላል። ስሙን ባታውቁትም ድምፁን ሰምታችሁት ይሆናል። ወፍራም ነው፣ ግን አይከብድም። እድሜ ጠገብ ሰው ረጋ ብሎ ሲያወራ ይመስላል።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ይህን መሳሪያ በመጫወት እንጀራውን ስለሚበላ ሰው ነው። ብዙዎቻችን የኦርኬስትራ ሙዚቀኛ ኑሮ ሲባል የሚታየን ጥቁር ልብስ፣ መብራት፣ ሁለት ሰዓት ሙዚቃና ጭብጨባ ነው። እሱ አለ። ግን የባሱን ተጫዋች አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው መድረኩ ላይ አይደለም። ሥራ የምታስገኝለትም፣ ሥራ የምታሳጣውም፣ እንቅልፍ የምትነሳውም ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ነገር ናት፦ ሪድ። ስለ ሪዷ ሳይነገር ስለዚህ ሙያ የተነገረ ሁሉ ጎደሎ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን መሳሪያውን እንየው።

ባሱን ውስጡ ያለው የአየር መንገድ ቀጥ ተደርጎ ቢዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህን የሚያህል ቱቦ ይዞ መጫወት ስለማይቻል ታች ላይ ታጥፎ ወደ ላይ ይመለሳል፣ በዚህም ቁመቱ 1 ሜትር ከ34 ሴንቲ ገደማ ላይ ይቆማል። የሚሠራው ሜፕል ከሚባል ዛፍ ነው። ተፈታትቶ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከሦስት ኦክታቭ በላይ ድምፅ አለው፣ ማለትም ወፍራም ወንድ ዘፋኝ ከሚወርድበት በታች ይጀምርና ሴት ዘፋኝ ወደምትዘፍንበት ከፍታ ይደርሳል።

ጣቶቹ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ክላሪኔት ወይም ኦቦ በሚባሉት የትንፋሽ መሳሪያዎች ላይ የቀኝ አውራ ጣት ሥራው መሳሪያውን መደገፍ ብቻ ነው። ባሱን ላይ ግን አሥሩም ጣት ይሠራል። የግራ አውራ ጣት ብቻዋን ወደ ዘጠኝ የሚጠጉ ቁልፎች ትጠብቃለች፣ ዝቅተኛዎቹ ኖታዎች ላይ ደግሞ ሁለትና ሦስቱን አንድ ላይ መጫን አለባት። ከዚያ ሌላ ሥራም አለባት። መሀል ላይ ያሉ አንዳንድ ኖታዎች ሲጀመሩ እንዳይሰነጠቁ አውራ ጣቷ አንዱን ቁልፍ ነካ አድርጋ ወዲያው ትለቃለች። ይህ ንክኪ ከሰከንድ ሽራፊ አይበልጥም፣ አድማጭም አያየውም፣ ተጫዋቹ ግን በአንድ ምሽት በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ያደርገዋል።

ቀዳዳዎቹም ለብቻቸው ታሪክ አላቸው። ድምፁ በሚፈልገው ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ቢበሱ የሰው እጅ አይደርስባቸውም። ስለዚህ አንዱ ክፍል ላይ እንጨቱ ወፈር ተደርጎ ቀዳዳዎቹ በሰያፍ ይበሳሉ፤ ከውጭ ጣት አጠገብ ይጀምሩና ውስጥ ራቅ ብለው ይወጣሉ። ለባሱን ያንን ልዩ ድምፅ ከሰጡት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ጣጣም አምጥቶበታል። አንዱ ኖታ ከቅኝት ከፍ ማለት ይወዳል፣ አንዱ መውረድ፣ አንዱ ደግሞ ከጎረቤቱ ይልቅ ይታፈናል። ተጫዋቹ እያንዳንዱን ኖታ በከንፈሩና በትንፋሹ እያቃና ነው የሚሄደው። ቁልፉን ስለተጫነ ብቻ ትክክለኛው ድምፅ አይወጣለትም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርል አልመንሬደር የሚባል ጀርመናዊ ባሱን ተጫዋች ይህን ችግር ለመቀነስ ቀዳዳዎቹንና ቁልፎቹን እንደገና አደራጀ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1831 ከመሳሪያ ሠሪው ዮሃን አዳም ሄክል ጋር ሆኖ ቢብሪሽ በምትባል ቦታ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚጫወቱት በዚህ የጀርመን ስልት በተሠራ ባሱን ነው፣ የሄክል ቤትም እስካሁን ይሠራል። የፈረንሳይ ስልት የሚባል ሌላ ባሱንም አለ፣ የሚጫወቱት ግን ጥቂቶች ናቸው። የቺካጎ ሲምፎኒ ዋና ባሱን ተጫዋች የነበረው ሁጎ ፎክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ኦርኬስትራውን ከተሰናበተ በኋላ የራሱን የባሱን ፋብሪካ አቋቋመ። ብዙ ተማሪ እጁን የሚፈታው በዚህ ቤት ባሱን ነው። ለሙያ የሚሆን ጥሩ ባሱን የመኪና ዋጋ ያወጣል፣ ምርጥ ለሚባለው ደግሞ ትእዛዝ አስገብቶ ዓመታት መጠበቅ አለ። አንዳንዱ ሰው ሥራ ሳይዝ መሳሪያውን በብድር ይገዛል። ሌላ ምርጫ የለውማ፣ ያለ ጥሩ መሳሪያ ሥራውን አያገኝም።

አሁን ወደ ሪዷ።

ሪድ ማለት ከብረቱ ቱቦ ጫፍ ላይ የምትሰካ፣ ተጫዋቹ በከንፈሩ የሚይዛት ነገር ናት። ሁለት ቀጫጭን የሸምበቆ ምላሶች ተጋጥመው በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ይተዋሉ። ሲነፋባት ሁለቱ ምላሶች በፍጥነት እየተጋጩና እየተላቀቁ አየሩን ያንቀጠቅጡታል፣ ድምፁ የሚወለደው እዚያ ነው። ያ ሁሉ እንጨትና ብረት የሚሠራው የሷን መንቀጥቀጥ ቅርጽ ማስያዝ ነው። ሪዷ ካልሠራች በዓለም አንደኛ የሚባለው ባሱን ዝም ይላል።

ሸምበቆው በሳይንሳዊ ስሙ አሩንዶ ዶናክስ ይባላል። ብዙ ቦታ ይበቅላል፣ ለሪድ ግን በደቡብ ፈረንሳይ ቫር በሚባለው አካባቢ የሚበቅለው ስም አለው። ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ከርሞ ነው የሚሸጠው። ታዲያ ሙያተኛ ባሱን ተጫዋቾች በአብዛኛው ሪዳቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። የተሠራ ሪድ መግዛት ይቻላል፣ ተማሪዎችም ይገዛሉ። ግን የአንዱ ከንፈር፣ የአንዱ ጥርስ፣ የአንዱ ትንፋሽ ከሌላው አይገጥምም፤ በሌላ ሰው ሪድ መጫወት በሌላ ሰው መነጽር ማንበብ ማለት ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ክቡ ሸምበቆ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ውስጡ ተፍቆ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ እስኪበልጥ ድረስ ይሳሳል። ውሃ ውስጥ ይነከራል። ላዩ ይላጣል፣ ጎንና ጎኑ በቅርጽ ማውጫ ይቆረጣል፣ ከዚያ መሀሉ ላይ እጥፍ ይደረግና ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። ከሽቦ ሦስት ቀለበት ይታሰርበታል። ታችኛው በኩል ሾል ባለ ብረት ላይ ተሰክቶ ክብ ቱቦ እንዲሆን ይደረጋል፣ በክር ይጠመጠማል። ከዚህ በኋላ ይቀመጣል። ብዙዎቹ ለሳምንታት ይተዉታል፤ ሸምበቆው አዲሱን ቅርጹን እንዲለምድ ነው። ሲመለሱበት የታጠፈው ጫፍ ይቆረጣል፣ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ትከፍታለች።

ዋናው ሥራ ገና አሁን ጀመረ። ቢላ፣ ሞረድ፣ ጥሩ መብራት። ጫፉ ከወረቀት እስኪቀጥን ይፋቃል፣ መሀሉ ግን እንደ አከርካሪ ትንሽ ወፈር ብሎ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ፋቅ፣ ነፋ፣ ማዳመጥ። ተጫዋቹ ሪዷን ብቻዋን አፉ ውስጥ አድርጎ ሲነፋ ቁራ የሚጮህ የመሰለ ሻካራ ድምፅ ትሰጣለች። በዚያ ጩኸት ውስጥ ስንት ድምፅ እንዳለ፣ የትኛው እንደጎላ በጆሮው ለይቶ ሪዷ ምን እንደጎደላት ያውቃል። አፏ በጣም ከተዘጋ የመጀመሪያውን ሽቦ በጉጠት ከጎንና ከጎን ጨመቅ ያደርገዋል፣ ትከፈታለች። ከመጠን በላይ ከተከፈተች ከላይና ከታች ይጨምቀዋል፣ ትገጠማለች። የፀጉር ውፍረት ያህል ለውጥ ይበቃል። ያንኑ ያህል ስህተት ደግሞ ሁሉንም ያበላሻል። የተፋቀ ሸምበቆ አይመለስም። አሥር ተሠርተው ለኮንሰርት የሚሆኑት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ የሚገርም ነገር አይደለም።

የተገኘችዋም አትቆይም። እርጥበት፣ ምራቅ፣ የከንፈር ጫና ሸምበቆውን ያደክሙታል። መጀመሪያ ትጠነክራለች፣ ከዚያ ትለሰልሳለች፣ ጥቂት ጥሩ ቀናት ትሰጣለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ሞተች ነው የሚሉት ራሳቸውም። በዚህ ላይ የአየሩ ሁኔታ አለ። በቀዝቃዛ አገር ክረምት ላይ አዳራሹ በማሞቂያ ሲደርቅ ሪዷ ትለወጣለች። ኦርኬስትራው ለጉዞ ሲወጣና ከባሕር ወለል ከፍ ወዳለ ከተማ ሲሄድ፣ እቤት ፍጹም የነበረችው ሪድ እዚያ እንደ እንጨት ደርቃ ትገኛለች። ስለዚህ ባሱን ተጫዋች ሲጓዝ ሻንጣው ውስጥ ቢላውንና ሞረዱን ይዞ ነው፣ ቢላው ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ ይዘውት የሚገቡት ነገር ስላልሆነ ከሚላከው ሻንጣ ጋር ይሄዳል። ሆቴል ደርሶ ሰው ከተማ ለማየት ሲወጣ እሱ መስኮት ስር ተቀምጦ ይፍቃል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ዝርዝሩ ስለሚያስደስተኝ ብቻ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ፣ ፈተናውም፣ ሥራውም፣ ጤናውም፣ በዚች ሸምበቆ በኩል ነው የሚያልፈው።

ታዲያ ሰው እንዴት ባሱን ተጫዋች ይሆናል?

ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ቫዮሊን በአራት በአምስት ዓመት ይጀመራል። ባሱን ግን የልጅ እጅ አይበቃውም። ለልጆች የሚሆን ትንሽ ባሱን አሁን ይሠራል፣ ግን ሁሉም ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ብዙዎች መጀመሪያ ፒያኖ ወይም ክላሪኔት ተምረው፣ አሥራዎቹ ውስጥ ሲገቡ ነው ወደ ባሱን የሚዞሩት። አንዳንዴ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የትምህርት ቤቱ ባንድ ባሱን የሚጫወት ሰው አጥቶ አስተማሪው «እስኪ አንተ ሞክረው» ይላል። መሳሪያው ውድ ስለሆነና ተጫዋቹም ጥቂት ስለሆነ፣ የጀመረው ልጅ ቶሎ ተፈላጊ ይሆናል። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። መጥፎው፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ቦታው እየጠበበ መሄዱ ነው።

ከዚያ የሙዚቃ ኮሌጅ። አራት ዓመት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለት ዓመት ይጨመርበታል። የቀኑ ልምምድ የሚጀምረው በረጅም ኖታ ነው። አንድ ድምፅ ከምንም ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ቀስ ብሎ ወደ ምንም ይመለሳል፣ ቅኝቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ለሚሰማው ሰው አሰልቺ ነው። ለተጫዋቹ ግን ቀኑን ሁሉ የሚሸከመው መሠረት ይሄ ነው። ከዚያ ስኬል፣ ማለትም ኖታዎችን በተርታ መውጣትና መውረድ፣ ከዚያ የምላስ ልምምድ፣ ከዚያ ሙዚቃ። ማታ ሪድ።

ኦዲሽን

ኦዲሽን ማለት ኦርኬስትራ ውስጥ ለመግባት የሚሰጥ ፈተና ነው። አንድ ኦርኬስትራ ሦስት ወይም አራት ባሱን ተጫዋች ነው ያለው። ቫዮሊን ቢሆን ሠላሳ ወንበር ይኖር ነበር። ቦታ የያዘ ሰው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሊቀመጥበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ወንበር ክፍት ሲሆን ወሬው አገር አቋርጦ ይሄዳል፣ ትልቅ ኦርኬስትራ ከሆነ መቶና ከዚያ በላይ አመልካች መምጣቱ የተለመደ ነው።

በብዙ ቦታ ተፈታኙ የሚጫወተው ከመጋረጃ ኋላ ነው። ዳኞቹ ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ ከማን ዘንድ የተማረ እንደሆነ እንዳያውቁ ነው። በአሜሪካ ይህ አሠራር በተለይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው የተስፋፋው። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። የጫማ ኮቴ እንዳይሰማ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ተፈታኙ መናገር አይፈቀድለትም፣ ጥያቄ ካለው አጠገቡ ላለው አስተናጋጅ በጆሮው ሹክ ይለዋል፣ እሱ ነው ጮክ ብሎ የሚጠይቅለት።

የሚጫወተው ምን እንደሆነ ከወራት በፊት ይነገረዋል። ሞዛርት በ18 ዓመቱ፣ በ1774 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው የባሱን ኮንቸርቶ፣ ማለትም ባሱን ከኦርኬስትራ ጋር ጎልቶ የሚጫወትበት ሥራ፣ አይቀርም። ከዚያ ከታወቁ የኦርኬስትራ ሥራዎች ተቀንጭበው የተወሰዱ ቦታዎች ይመጣሉ። የሞዛርት ኦፔራ የ«ፊጋሮ ጋብቻ» መግቢያ፣ እንደ ሹክሹክታ ቀስ ብሎ ግን በሩጫ የሚሄደው። የቤትሆቨን 4ኛ ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል ላይ ያለችው ሶሎ (ባሱን ብቻውን ጎልቶ የሚሰማባት ቦታ)፣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የምትወስድ፣ ምላስ እንደ ስፌት መኪና የምትሠራባት። የራቬል «ቦሌሮ»። የሪምስኪ ኮርሳኮቭ «ሼሄራዛድ»። የስትራቪንስኪ «የጸደይ በዓል» መክፈቻ። እነዚህን ማንኛውም ባሱን ተጫዋች በእንቅልፍ ልቡ ያውቃቸዋል፣ ዳኞቹም እንደዚያው፣ ለዚህ ነው አንዲት የተንሸራተተች ኖታ የማታመልጠው።

እስኪ አስቡት። አንድ ሰው ለዚህ ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቶ፣ በራሱ ወጪ ተሳፍሮ፣ ሆቴል አድሮ፣ መጋረጃው ጋ ይቆማል። የሚሰጠው ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም። «እናመሰግናለን» ይባላል። ሁለተኛ ዙር ይደርሳል ወይም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ብዙ ሙዚቀኛ ሥራ ከማግኘቱ በፊት አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ይህን ያልፋል። ደግሞ አንዳንዴ ሁሉም ተሰምተው ማንም አይመረጥም፣ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። እኔ ከዚህ ሙያ ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው።

እዚህም ሪዷ አለች። የ«ፊጋሮ» መግቢያ ቀላልና ተናጋሪ ሪድ ይፈልጋል። የስትራቪንስኪው ከፍተኛ ኖታ ጠንከር ያለ ሪድ ይመርጣል። መጋረጃው ኋላ ግን ሁለቱ ተከታትለው ሊመጡ ይችላሉ። ሪድ መቀየሪያ ጊዜ ይኖር ይሆናል፣ ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ ተፈታኙ ሁለቱንም የምትችል አንዲት ሪድ ፍለጋ ወራት ይፈጃል፣ ሲያገኛት ደግሞ እንዳትሞትበት ሳይነካት ያስቀምጣታል።

ያሸነፈ ሰው ወዲያው ቋሚ አይሆንም። የሙከራ ጊዜ አለ፣ አንድ ዓመት ወይም ሁለት። በዚያ ጊዜ ባልደረቦቹ ያዩታል። ጥሩ መጫወቱን ብቻ አይደለም፣ ከሌላው ጋር መዋሃዱን፣ በሰዓቱ መድረሱን፣ ሲሳሳት መቀበሉን ጭምር ነው። ጁዲት ለክሌር በ1981 (እ.ኤ.አ.) የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ዋና ባሱን ተጫዋች ስትሆን 23 ዓመቷ ነበር፣ በዚያ ኦርኬስትራ ታሪክም ዋና ተጫዋች የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። በኋላ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ ለሷ ብሎ የባሱን ኮንቸርቶ ጽፎላታል። እንዲህ ያለ ጉዞ ግን የጥቂቶች ነው።

ወንበሩ ላይ

ኦርኬስትራ ውስጥ የባሱን ክፍል የሥራ ክፍፍል አለው። አንደኛው ሶሎዎቹን ይጫወታል። ሁለተኛው ከታች ይደግፋል። ሌላው ኮንትራባሱን ይይዛል፣ እሱ ከባሱን በአንድ ኦክታቭ የሚወርድ፣ ከ5 ሜትር በላይ ቱቦ የተጣጠፈበት ግዙፍ መሳሪያ ነው፤ ድምፁን በጆሮ ከመስማት ይልቅ በወንበር በኩል የሚሰሙት ይመስላል።

ስለ ሁለተኛው ባሱን ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ማንም አያወራለትም። የባሱን ዝቅተኛ ኖታዎች በተፈጥሯቸው ጮክ ማለት ይወዳሉ። ሁለተኛው ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እነሱን በጣም ቀስ አድርጎ፣ ያለ ምንም ኳኳታ፣ ልክ መሪው እጁን በሚያወርድባት ቅጽበት እንዲያስጀምራቸው ነው። ክላሪኔቱ ከላይ በሚያምር ዜማ ሲንሳፈፍ ከስሩ ያለው መሬት እሱ ነው። እሱ ትንሽ ከፍ ካለ የላይኛው ሁሉ ከቅኝት የወጣ ይመስላል፣ ሰዉም ጥፋተኛ የሚያደርገው ክላሪኔቱን ነው። በትክክል ከሠራ ደግሞ ማንም መኖሩን አያውቅም። ይህን ሥራ ዕድሜ ልክ በፍቅር የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ እኔ በጣም አከብራቸዋለሁ።

የሶሎው ነገር ሌላ ዓለም ነው። ቻይኮቭስኪ 6ኛ ሲምፎኒውን የጀመረው በባሱን ነው። በጨለማ ውስጥ፣ ኮንትራባስ ከሚባሉት ትልልቅ ባለ ገመድ መሳሪያዎች ብቻ ጋር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ሁለት ሺህ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ የመጀመሪያው ዜማ ከባሱኑ ነው የሚወጣው። በዚያው የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ደግሞ የባሱን ኖታዎች ላይ «ቀስ» የሚለውን ምልክት ስድስት ጊዜ ደራርቦ ጽፎበታል። ሙዚቃ ላይ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ በጣም ቀስ ማለት ነው፣ ስድስት ጊዜ ማለት እንግዲህ የሚተነፍስ ሰው ያህል ነው። ባሱን እዚያ ቦታ ላይ ያን ያህል መውረድ ስለሚቸገር ብዙ የኦርኬስትራ መሪዎች እነዚያን አራት ኖታዎች ለባስ ክላሪኔት ይሰጧቸዋል። አንዳንድ ባሱን ተጫዋቾች ግን እምቢ ይላሉ፣ እኛው እንሞክረዋለን ይላሉ፣ ለዚያች አንዲት ቦታ ብቻ የተለየች ሪድ ይሠራሉ።

በሌላኛው ጫፍ ስትራቪንስኪ አለ። «የጸደይ በዓል» የተባለው ባሌ ዳንስ ግንቦት 29 ቀን 1913 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ መጋረጃው ገና ሳይከፈት አንድ ባሱን ብቻውን ጀመረ። ግን ባሱን እንደሚጫወትበት ቦታ አልነበረም። በጣም ከፍ ብሎ፣ የተጨነቀ ጉሮሮ በሚመስል እንግዳ ድምፅ። በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ የተነሳው ረብሻ በሙዚቃ ታሪክ የታወቀ ነው። ዛሬ ያ መክፈቻ የማንኛውም ተማሪ ልምምድ ሆኗል። ግን መጀመሩ አልቀለለም። ከኋላ የሚደግፍ ማንም የለም፣ መሪው ምልክት ሰጥቶ ይጠብቃል፣ ኖታው ሊወጣም ላይወጣም ይችላል።

በእነዚህ መሀል ደግሞ ብዙ ዝምታ አለ። ባሱን ተጫዋች መቶ ሜዠር (ሙዚቃው በምት የሚከፈልባቸው ክፍሎች) ያህል ዝም ብሎ ሊቆጥር ይችላል፣ ሪዷ አፉ አጠገብ እንዳትደርቅ እያረጠበ፣ ከዚያ ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ጣቱ ደንዝዞ ወደ ሶሎ ይገባል። አንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ውሃ ይጠራቀማል። ከትንፋሽ የሚመጣ ጠል ነው። ኖታው ሲንቦጨቦጭ ይሰማል። ተጫዋቹ በዝምታው ጊዜ ቀጭን የሲጋራ ወረቀት ከቁልፉ ስር አስገብቶ፣ ቁልፉን ጫን አድርጎ ውሃውን ሲያስጠጣ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ባሱንን የኦርኬስትራው ቀልደኛ የሚሉት ሰዎች አሉ። የሚያስቅ ነገር መጫወት ይችላል፣ እውነት ነው። የዱካ «የጠንቋዩ ተማሪ» ውስጥ እየተንጀባረረ የሚመጣው ዜማ የእሱ ነው፣ የፕሮኮፊየቭ «ጴጥሮስና ተኩላው» ውስጥም የሚያጉረመርመው አያት እሱ ነው። ግን በዚያ ብቻ መወሰኑ ግፍ ነው። ሾስታኮቪች በ1945 (እ.ኤ.አ.) ባጠናቀቀው 9ኛ ሲምፎኒ አራተኛው ክፍል ላይ ባሱን ብቻውን እንደ ሙሾ አውራጅ ረጅም ሐዘን ያወራል፣ ከዚያ ሳያቋርጥ እዚያው ላይ ወደ ጭፈራ ዜማ ይዞራል። ያንን ዙረት በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ሪድ የሚሠራው ያው ሰው ነው። ይህን የሰማ ሰው ቀልደኛ ብሎ የሚያልፈው አይመስለኝም።

ጤናና ኑሮ

ባሱን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከመቀመጫ ስር በሚዘረጋ ቀበቶ ወይም በአንገት ማንገቻ ቢያዝም የግራ እጅ ሁልጊዜ ሸክም አለባት። የእጅ አንጓ፣ የአውራ ጣት፣ የትከሻና የጀርባ ሕመም በዚህ ሙያ ብዙ ነው። አንዳንዱ ላይ ከዚህ የባሰ ይመጣል፣ ጣቶቹ ወይም ከንፈሩ ከአእምሮው የሚላክላቸውን ትእዛዝ መታዘዝ ያቆማሉ። ፎካል ዲስቶኒያ ይባላል። ሕመም የለውም፣ ግን ሙያን ያቋርጣል።

ጆሮ ደግሞ አለ። ባሱኖቹ በብዙ አቀማመጥ ትራምፔትና ትሮምቦን ከሚባሉት የነሐስ መሳሪያዎች ፊት ነው የሚቀመጡት፣ የነሐሱ አፍ ቀጥታ ወደ ማጅራታቸው ያነጣጥራል። ለሥራ ቦታ የሚመከረው የድምፅ ወሰን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ትልቅ ሲምፎኒ ሲሞቅ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ በልካቸው የተሠራ የጆሮ መክደኛ ያደርጋሉ፣ ከኋላቸው ግልጽ ጋሻ ይቆማል። ግን የጆሮ መክደኛ አድርጎ ስድስት ጊዜ «ቀስ» የተባለውን ኖታ መጫወት አይቻልም። ስለዚህ ሲያወጡ፣ ሲያገቡ ያመሻሉ።

ገቢው እንደ ወንበሩ ነው። ትላልቆቹ ኦርኬስትራዎች ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ይከፍላሉ፣ ጡረታና ሕክምናም አላቸው። ትናንሾቹ በየልምምዱና በየኮንሰርቱ ነው የሚከፍሉት። ወንበር የሌለው ሰው ፍሪላንስ ይሆናል፦ ዛሬ እዚህ የታመመን ሰው ይተካል፣ ነገ ለሙዚቃዊ ቲያትር ይጫወታል፣ በሳምንቱ መሀል ተማሪዎች ያስተምራል፣ ለእነሱም ሪድ ሠርቶ ይሸጣል። ስልክ ሲደወል እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ካሉ ሦስተኛው ጥሪ ላይመጣ ይችላል። ያረጀ መሳሪያ ያለው ሰው ደግሞ ጉዞ ላይ ሌላ ጣጣ አለበት። በድሮ ጀርመን ሠራሽ ባሱኖች አናት ላይ ያለው ነጭ ቀለበት አንዳንዴ የዝሆን ጥርስ ነው፣ ይህንን ይዞ ድንበር ማቋረጥ የሰነድ ጥያቄ ያስነሳል። ብዙዎች ቀለበቱን በሌላ ነገር አስቀይረውታል።

ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ካፖርቱን ሲፈልግ፣ ባሱን ተጫዋቹ ገና መድረኩ ላይ ነው። መሳሪያውን ይፈታል። ታችኛው ክፍል የታጠፈበት ቦታ ላይ ውሃ ይጠራቀማል፣ ዘንበል አድርጎ ያፈሰዋል። የሐር ጨርቅ ከክብደቱ ጋር ቱቦው ውስጥ ይለቅና በሌላኛው በኩል ቀስ ብሎ ይስበዋል። ቦካሉን፣ ያንን ቆልመም ያለውን የብረት ቱቦ፣ ነፋ አድርጎ ያደርቀዋል። መጨረሻ ላይ ሪዷን ይነቅላል። ወደ መብራቱ አቅርቦ ጫፏን ያያል። አየር የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን አለችው፣ አሥር ሪድ ተሰድረው የሚቀመጡባት፣ ክራቸው ላይ ቀንና ቁጥር የተጻፈባቸው። የዛሬዋ ሁለተኛው ክፍል ላይ ትንሽ ደክማ ነበር። ነገ ከሰዓት ልምምድ አለ፣ ፕሮግራሙ ላይ ያለው ቤትሆቨን ነው። ከሁለተኛው ረድፍ አንዷን ያወጣል፣ ያያታል፣ ይመልሳታል፣ አጠገቧ ያለችውን ያነሳል።